ሳይጠሩ የሚያጠሩ

ነይ ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ኮሪደር ላይ ምን ያቆምሻል? ተሸካሚ ጥቅል ጨርቅ ይዞ ሲያልፍ አንቺንም አንጠልጥሎሽ ይሄዳል። አዲሷ ተከራይ አንቺ ነሽ አይደል? ሎዛ… ደስ የሚል ስም። እኔ ሸዋርካብሽ እባላለሁ፣ መጋረጃ ሻጭ። ይሄ ፎቅ ከተከፈተ ጀምሮ ከታናሽ ወንድሜ ከዱባለ ጋር እዚሁ ነን። ከሲኒማ ራስ በእግርሽ ነው የመጣሽው? ጎሽ። ወደ ዱባይ ተራ በታክሲ የሚመጣ ሰው እስኪደርስ ፋሽኑ ያልፍበታል።

ድምፄ ከፍ አለብሽ? ይቅርታ፣ የታች ጀነሬተር ነው ያስለመደኝ። ጠፍቷል እንዴ? … ኧረ እውነትሽን ነው፣ ጠፍቷል። እንግዲህ የለመደ ጉሮሮ ምን ይደረጋል? ፊት ለፊት ያሉትን ካልረበሽኩ ምን አለበት። ደግሞ ሰው የራሱን ብርድ ልብስ እያጣጠፈ የጎረቤት ወሬ አይሰማም… አይደል?

ምን ታያለሽ? አዎ፣ አኳሪየም ነው። የዱባለ ነው። እኩዮቹ ሚስት ሲያገቡ የኔ ወንድም ዓሣ ገዛ። መጥፎም አይደለም፣ እናት መጋረጃ ስታማርጥ ልጇ እሱን እያየ ዝም ይልልናል። ግን እንዲህ ኩልል ብሎ ስታዪው ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ እንዳይመስልሽ። ሰሞኑን እኮ የሩዝ እጣቢ ነበር የሚመስለው። ዓሣዎቹ ውስጡ አሉ ብለን በእምነት ነበር የምንኖረው።

በምን ደፈረሰ? … አይ ልጄ። በደግነት። ደግነት ውሃ እንደሚያደፈርስ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም ነበር።

አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስም አልጠራም። ሳይጠሩ ለሚመጡ ሰው ስም መጥራት ትርፉ ምንድነው? ሩቅም አይደሉም። ሩቅ መሆን አይችሉበትም፣ ተፈጥሯቸው አይደለም። ለሌላው ሰው አንድ አንድ ጓዳ ሲታደል ለሳቸው የሁላችንም ጓዳ ደረሳቸው። ውሃ ውስጥ ተወልደው ያደጉት ዓሣዎች እንኳን እንደሳቸው ጥልቅ ማለት አያውቁበትም።

መጀመሪያ ውሃው ጭጋግ ቢጤ ያዘው። ዱባለ በስልኩ አንብቦ “ተይው ሸዋዬ፣ አዲስ ገንዳ ራሱን እስኪለምድ ይደፈርሳል፤ ካልነካኩት ይጠራል” አለኝ። ካልነካኩት! ይሄን ሰምተው እኚህ ሰው እጃቸውን ኪሳቸው ሊከቱ ነው? እጅጌያቸውን ሰብስበው ደረሱልን። “የቆሸሸ ውሃ ይደፋል እንጂ ይጠበቃል እንዴ?” አሉና እስከ ጠብታው ደፉት። ጠጠሩን በበረኪና አሹት። የፊልተሩን ስፖንጅ በሳሙና አጥበው እንደ ካልሲ አሰጡት። ከዚያ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አንቆረቆሩበት። ጠራ? ባሰበት። እንደገና ደፉት። ባሰበት። እኛ በፈረቃ ከምትመጣ ውሃ ፊታችንን እየታጠብን፣ እሳቸው የሠፈሩን ውሃ ለዓሣ ደፍተው ጨረሱት… ለነገሩ የሳቸው ውሃ አልነበረም።

የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል። እሳቸው ግን የጎረቤትን ምጥ ካላዋለዱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አንድ ቀን የውሃ ማጣሪያ ኪኒን ይዘው ከች። ሆድ እንዳያም ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመረውን! “ማጣሪያ ነው የሚለው፣ ያጠራል” አሉ። አማርኛ አዋቂ ናቸው፣ ምን ታደርጊዋለሽ። እውነትም ውሃው የማንንም ሆድ አላሳመመም። ዓሣዎቹ ናቸው ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው… ጋደም ያሉት። “ደክሟቸው ነው” አሉን። ዱባለ ሦስቱን በማንኪያ ሲያወጣ እሳቸው ቆመው አጽናኑት። ከማጽናናት ወደኋላ ብለው አያውቁም።

እጃቸው ደግሞ ሰፊ ነው። ዱባለ የዓሣ ምግብ በጣቱ ጫፍ ቆንጠር ነበር የሚያደርገው። እሳቸው ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የዳቦ ፍርፋሪ፣ የቆሎ ድቃቂ፣ አንዴማ የቋንጣ! “ኧረ ዛሬ ረቡዕ ነው” ብላቸው “ዓሣ የጾም ነው እንጂ ጾመኛ አይደለም” አሉኝ። ያልተበላው ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ያን ጊዜ ያው ሰው “ልየው እስቲ” ብለው ይመጣሉ። ካልደፈረሰ አይጠራም ይላሉ አበው። አበው እሳቸውን ስላላወቋቸው ነው እንጂ “ካላደፈረሱ አይጠሩም” ይሉ ነበር።

ውሃ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት…

እኔና ዱባለ ዘንድሮ ትንሽ ተቀያየምን። የእህትና የወንድም ነገር፣ ምንም አይደለም። እኔ ሐምራዊ ጨርቅ አመጣሁ፣ እሱ “የለቅሶ ድንኳን ይመስላል” አለኝ፣ ተኮራረፍን። ተራ ጭጋግ። ቢተዉን አብረን ሳንበላ አንውልም ነበር። ግን እኚህ ደግ ሰው ሰሙ። “ላስታርቃችሁ” አሉ። ሽማግሌ ሲሆኑ ብታዪያቸው፣ እንዴት ያምርባቸዋል! ለእኔ “ወንድምሽ ሱቁን ለሁለት ሊያስከፍል ነው ይላሉ፣ እኔ ግን አላመንኩም” ይሉኛል። ለዱባለ ደግሞ “እህትህ ሱቁን ለባሏ ወንድም ቃል ገብታለች ይላሉ፣ እኔ ግን አላመንኩም” ይሉታል። እሳቸው ያላመኑትን እኛ አመንነው። እዪልኝ እንግዲህ የኛን ጅልነት!

“ከምትጣሉ ተካፈሉ” አሉ በመጨረሻ። ሱቁ መሐል ለመሐል በቺፑድ ይከፈል ተባለ። አናጢ መጥቶ ለካ። ዱባለ ደግሞ ከጎኔ አልቆምም ብሎ ለቆ ሊሄድ ነው፣ የሱን ግማሽ ማን ይያዘው? “ባዕድ ከሚገባባችሁ” ብለው… አዎ፣ ራሳቸው። መሥዋዕትነት ማለት ይሄ አይደል? ቦታ ጠቧቸው እኮ አይደለም። ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ቢከመርም… ብርድ ልብስ አልኩ እንዴ? ዕቃ ለማለት ነው። ዕቃ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሰሞን እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። አባታችን ሲሞት ዱባለን አደራ ያለው ለኔ ነው። ከአንድ ሳህን በልተን አድገን፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን ቆመን… ደንበኛ “ዋጋ የምጠይቀው ማንን ነው?” ሲል መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ለመስቀል ከእናታችን ቤት ቀርተን አናውቅም። ዘንድሮ እሱ ከኔ ጋር ላለመሄድ ቀረ፣ እኔም ከሱ ጋር ላለመሄድ ቀረሁ። እናቴ ክትፎውን ሸፍና በር በሩን ስታይ ዋለች አሉኝ። እሱ ነው እስካሁን የማይወጣልኝ።

እሳቸው ግን ሄዱ። ለመስቀል መርካቶ እንዴት ጭር እንደሚል ታዪያለሽ ገና፣ ይሄ ፎቅ ባዶ ቀፎ ነው የሚሆነው። እኔና ዱባለ ብቻችንን፣ እኔ መጋረጃ ሥር፣ እሱ ዓሣ ሥር። ውሃ የሚደፋ የለ። ዳቦ የሚፈረፍር የለ። “ይላሉ” የሚል የለ። አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ምን ልይ? ጠጠሩ ፍንትው ብሎ ይታያል! ይቺ ጥቁሯ፣ ጅራተ ሰፊዋ፣ ሞታለች ብለን የተውናት፣ ከቱቦው ኋላ ብቅ አላለችም? “ዱባለ!” አልኩ ሳላስበው። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ያልመጣ ስም። “ዱባለ፣ ና እየው፣ ጠራ!”

መጣ። አጎነበሰ። ዓይኑን ከዓሣዋ ሳያነሳ “ሸዋዬ… እውነት ሱቁን ለባልሽ ወንድም ልትሰጪው ነበር?” አለኝ። “ማን አለህ? ሱቁ ይከፈል ያልከው አንተ!” “እኔ? ማን አለሽ?” … ተያየን። ሁለታችንም መልሱ ገባን። መጀመሪያ አፈርን፣ ከዚያ ሳቅን፣ ከዚያ እኔ ተንሰቀሰቅሁ። ያን ዕለት ሱቅ ዘግተን አገር ቤት ወረድን። ሱቁን ለመከፋፈል የተገዛውን ቺፑድ አየሽው? መደርደሪያ አስመታነው። ሐምራዊው ጨርቅ ነው ያለበት፣ ዱባለ ራሱ ነው የደረደረው።

አጋጣሚ ነው እንጂ ልጄ! እሳቸው ከመሄዳቸው ጋር ምን ያገናኘዋል? ውሃ ነው፣ ይጠራል። እሳቸው በሌሉበት ሆነ እንጂ… ክፉ ትርጉም እንዳትሰጪብኝ።

ትናንት ተመለሱ። ገንዳውን አይተው ደነገጡ። “ማነው ያጠራው?” አሉ። “እርስዎ ነዎት” አልናቸው፣ እኔና ዱባለ እኩል። ቅር አላቸው ብለሽ ነው? ጢማቸውን እያሻሹ “ብዬ ነበር” አሉ። ቀጥለው ቺፑዱን ፈለጉ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ ያኔ ነው ውሃ የጠማቸው መሰለኝ። አጠጣናቸው። ከገንዳው አይደለም፣ አትሳቂ!

አንቺንም ዛሬ ነገ ሳይሉ “ምን ላግዝሽ?” ይሉሻል። እንዳትፈሪ፣ ሰው አይበሉም። የሚደፋ ነገር ብቻ አጠገብሽ አታድርጊ። ከማን ተጣላሽ ካሉሽም “ከማንም” በያቸው፣ ቢያዝኑም ይችሉታል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እሳቸው ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደሉም። ዘንዶውን ይዘውት ነው የሚመጡት።

በይ ሂጂ፣ ሱቅሽን ክፈቺ፣ ገበያው ይሙላልሽ። ቆይ ቆይ፣ ደግ የዋለልንን ሰው ሳንመርቅማ አንለያይም። አሜን በይ… ጮክ አድርገሽ፣ ጀነሬተሩ ጠፍቷል ብለሽ አትስነፊ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ንግዳቸውን ያስፋው፣ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፣ እህትና ወንድማቸውን ያኑርላቸው። ለእኛ እንደደረሱልን እሳቸውም ደራሽ አይጡ። ቤታቸውም ሱቃቸውም ብቻውን አይዋል፤ በግራም በቀኝም፣ ጠዋትም ማታም፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ጎረቤት ይስጣቸው።