ከኩባያው ሥር የተገኘ ሳንቲም

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ያለችውን የማያውቋትን ወጣት ያናግራሉ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«ሰው እንኳን አይደለም እማማ። ላብራቶሪ ያስቀመጥኩት ነገር ተበላሽቶብኝ ነው።»

«ምን ነበር?»

«ፔፕታይድ ይባላል። ለመድኃኒት ምርምር የምንጠቀምበት ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄት እያለ ትንሽ ይታገሣል፤ እኔ ግን ከበዓሉ በፊት ለመፍጠን ብዬ ሁሉንም በጠበጥኩት። ከተበጠበጠ በኋላ ከፍሪዘር መውጣት የለበትም።»

«አወጣችሁት?»

«አላወጣነውም። ለበዓል ዘግተን ስንሄድ መብራት ጠፋ።»

«ውይ! ቀልጦ ጠበቃችሁ?»

«የለም፣ መብራቱ ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ስንገባ ሁሉም በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ደርቋል።»

«ታዲያ ደህና ነዋ!»

«ከመሄዴ በፊት እዚያው ፍሪዘር ውስጥ በኩባያ ውሃ አርግቼ፣ በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጬ ነበር። ዛሬ ሳንቲሙን ከበረዶው በታች፣ ከኩባያው ሥር አገኘሁት።»

«ቀልጦ ነበራ!»

«ቀልጦ ሰንብቶ እንደገና ረጋ።»

«ለአለቃሽ ነገርሽው?»

«ነገርኩት። ‹ያው በረዶ ነው፣ ቀጥይበት› አለኝ። ሌላ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ቀጠልኩበት። ሳንቲሙንም አውጥቼ መልሼ ከላይ አስቀመጥኩት።»

«ለመድኃኒት ነው አላልሽኝም ልጄ?»

«ነው እማማ… ወራጅ አለ! ላምበረት ላይ።»

ጉልበቴ ላይ በፌስታል የያዝኩትን፣ አሁን ከፋርማሲ የገዛሁትን የእናቴን ኢንሱሊን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው።