የአማቴ እፍኝ በግራም

ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ወጣቷ የወጥ ቤት ሚዛን ታቅፋለች።

«ነፍስ ልትመዝኚ ነው እንዴ?» አሏት አጠገቧ ያሉት እናት።

«ዱቄት ነው እማማ። ዳቦ ቤት ልከፍት ነው። የአማቴን የገብስ ዳቦ መሸጥ አማረኝ፤ እሳቸው ደግሞ ዱቄት የሚለኩት በእፍኝ ነው። እፍኛቸውን ወደ ግራም ልለውጥ ብዬ በጋገሩ ቁጥር ሚዛኑ ላይ አስዘገንኳቸው።»

«ታዲያ ስንት ሆነ?»

«ዳቦው ለቄሱ ሲሆን መቶ ስልሳ። ለልጃቸው ሲሆን ሁለት መቶ።»

«ከቄሱም አስበልጠው!»

«ለእኔ ሲሆን ዘጠና።»

«እጅ አይደል ልጄ? አንዳንዴ ይሳሳታል።»

«ሦስት ጊዜ መዘንኩት እኮ! ሦስቱንም ጊዜ ዘጠና። እንደ እሳቸው እጅ የማይሳሳት ሚዛን ገበያም የለ።»

«ለዳቦ ቤቱ የትኛውን ያዝሽ?»

«የልጃቸውን ነዋ! በምራት እፍኝ ደንበኛ ይመጣል?»

«ደግ አደረግሽ። ይህን ሚዛን ግን ለሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዳታውሺ።»

«ምነው እማማ?»

«እኔም ምራት አለችኝ።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ የራሴ አማት ለመንገድ ብለው የሰጡኝን ዳቦ ከጭኔ ላይ አነሣሁና በእጄ መዘን መዘን አደረግሁት።