ለለቅሶዬ የመረጥኩት ወረቀት

ስሞት ልጆቼ የመታወቂያ ፎቶዬን አሳድገው ለቅሶዬ ላይ እንዳያቆሙብኝ ፈራሁ። በዚያ ፎቶ ላይ ሌባ እመስላለሁ፤ ያየው ሁሉ ከማልቀሱ በፊት ኪሱን ይዳብሳል። ስለዚህ በቁሜ ልሳል ብዬ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ወዳለች ሠዓሊ ሄድኩ። እሷም ሁለት ወረቀት አስዳሰሰችኝ። አንዱ ለስላሳ ነው፤ ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራታ እስከ ደካ ከተማ ትደርሳለች። ሌላው ሻካራ ነው፤ ባጃጅ ቢሄድበት ይገለበጣል። “የምስልበት ከሰል የሻካራውን ጉብ ጉብ ብቻ ነክቶ ጎድጓዳውን ይዘለዋል። መስመር ለበዛበት ፊት እሱ ይሻላል፣ ጋሼ” አለችኝ። “እኔ የምን መስመር አለኝ?” ብዬ በሁለቱም ተሳልኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አስካለ ለስላሳውን አየችና “ይሄ ጎረምሳ ደግሞ ማነው? ለማላውቀው ሰው አላለቅስም” አለች። ሻካራውን ስገልጥላት ግን “ወይኔ ባሌን!” ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ እስከ ቢታ ገነት ከተማ ተሰማ። “ኧረ እዚህ ነኝ” ብል ማን ይስማኝ! ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። እኔም ወንበር ማቀበል ጀመርኩ። ዓይናቸው የደከመው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ እጄን ጨብጠው “እግዜር ያጥናህ። ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?” አሉኝ። ሥዕሉን ሰጠኋቸው። ሻካራውን ወረቀት በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። “ቁርጥ እሱን! ምን የመሰለ ሰው ነበር!” ብለው ትከሻዬ ላይ ተንሰቀሰቁ።

እኔም አላስቻለኝም፣ አብሬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ እንዴት ዝም ይባላል?