የት ደረሰች?

ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ላይ ጣሊያን ኬላ ካቆመ ወዲህ፣ መንገደኛ የሚያልፈው እግሩ ሲችል ሳይሆን ኬላ ጠባቂው ደስ ሲለው ሆነ። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት አንድ የገበያ ቀን፣ እኔም ባዶ ስልቻዬን ታቅፌ ከግራር ሥር ተቀምጬ የመኮንኑ ምሳ እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። ስሜ ዘነበወርቅ ነው። ጠላት ሳይገባ አዲስ አበባ ተምሬአለሁ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ እየታደነ በሚገደልበት በዚያ ክፉ ዘመን ግን የበርበሬ ነጋዴ መስዬ ቡታጅራ ተሸሽጌ እኖር ነበር። ራሴን መሸሸግስ ሸሸግሁ፤ ምላሴን መሸሸግ ግን አልሆነልኝም። እናቴም ትሙት፣ እንዲሆንልኝ ፈልጌም አላውቅ።

ከሚጠብቀው ሰው መካከል ጎረቤቴን ጋሽ ሙስተፋን አየኋቸው። የመስቃን ሰው ናቸው፤ እንሰት ተካይ፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ቃላቸው በሰፈሩ የማይታጠፍ። ልጃቸው ዘምቶ ስላልተመለሰ፣ መንታ ልጆቹን አሚኑንና ሳሌሃን የሚያሳድጉት እርሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት መንታዎቹ ከኋላቸው ቆመዋል። አሚኑ አፉን በጋቢው ሸፍኗል። ሳሌሃ ደግሞ በዚያ ሙቀት የእናቷን ወፍራም ኩታ እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ሙስተፋ?»

«አልሀምዱሊላህ፤ ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ?»

«ልጆቹን ይዘው ወዴት ነው? በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ቆሼ ሁለት ጉዳይ አለኝ» አሉ ዘንጋቸውን ተደግፈው። «አሚኑ እንጥሉ ወርዷል፤ ድምፁ ተበላሽቷል። እዚያ እጁ የተመሰገነ ቆራጭ አለ አሉኝ። ሳሌሃን ደግሞ ለልጃቸው የጠየቁኝ ወዳጆች አሉ፤ እንዲያዩዋት ነው። ደርሳለች።»

እኔ መቼም ስናደድ ጆሮዬ ነው መጀመሪያ የሚግለው። ወንዱን ለቢላ፣ ሴቷን ለባል! ግን በሰው መሐል ሽማግሌ አይዘለፍምና፣ «ጋሽ ሙስተፋ፣ ልጅቷ ጠምቷታል፤ ከምንጩ ላጠጣትና እንመለሳለን» ብዬ ሳሌሃን እጇን ይዤ ከግራሩ ጀርባ ወሰድኋት።

ውሃውን አልነካችውም። ኩታዋን ከፊቷ አወረድሁላት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እትዬ፣ የምሞት መስሎኝ ነበር» አለች። «ገንቦው ከብዶኝ ውስጤ የተቀደደ መስሎኝ ለማንም አልተናገርሁም። ደም የነካውን ጨርቅ ከእንሰቱ ሥር ቀበርሁት። እናቴ ስታጸዳ አገኘችውና አለቀሰች። ከዚያ አባባ ‹ደርሳለች› አለ። የት እንደደረስሁ ግን የነገረኝ የለም።»

ስንት የተማረ ሰው እንኳ የማይጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለእኔ በጊዜው ማንም ያልነገረኝን ነገርኋት።

«ስሚኝ ሳሌሃ። በሽታም አይደለም፣ ቅጣትም አይደለም፤ ገንቦውም አልቀደደሽም። ገላሽ ማደግ ጀምሯል፤ ሌላ ምንም አይደለም። በየወሩ ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ ወሩን ቢስት አትደንግጪ። ንጹሕ ጨርቅ ያዢ። ስትጨርሺ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ የእኔ ጓሮ አጥር አለው፣ እዚያ ማንም አያየውም። ገላሽን ታጠቢ፤ ውሃ አይጎዳሽም። ሆድሽን ሲቆርጥሽ ሞቅ ያለ ነገር ያዢበት። ጡትሽ ሲያጎጠጉጥ ቢያምሽ፣ ያለ ምክንያት ልቅሶ ቢመጣብሽ፣ እሱም ከዚያው ነው፤ ያልፋል።»

«አሚኑስ? እሱም ያለ ምክንያት ይቆጣል።»

«እሱም በራሱ በኩል እያደገ ነዋ! የወንድ ልጅ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ይጎረንናል። ፊቱ ላይ ብጉር ይወጣል፣ ከከንፈሩ በላይ ጢም ያጎነቁላል፣ እጅና እግሩ ከልብሱ ያመልጣል። ያፍራልም። አንቺ ጨርቅ እንደቀበርሽ፣ እሱ ድምፁን በጋቢ ቀበረ።»

ሳሌሃ ሳቀች። «እኔ ብቻ መስሎኝ!» አለች።

ወደ ጋሽ ሙስተፋ ስንመለስ ልናገር ቆርጬ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ «ጋሽ ሙስተፋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቢቆጡም ይቆጡኝ» አልሁ።

«ተናገሪ። የኔ ቁጣ አንቺን መቼ አስቁሞሽ ያውቃል?»

«አሚኑ እንጥሉ እንደወረደ በምን አወቁ?»

«እንዴት አላውቅ! መንዙማ ሲያወጣ ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን ትቶ ያደምጠው ነበር። አሁን አፉን ሲከፍት አንዴ እንደ ወጠጤ፣ አንዴ እንደ ጫጩት ነው። ልጆች ሳቁበት፤ ከዚያ ወዲህ መናገርም ተወ።»

«እርስዎስ የልጅነት ድምፅዎን እንደያዙ ነው ይህን ጺም ያበቀሉት?»

ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «የኔን ማን ያስታውሰዋል!»

«ጺምዎ ያስታውሰዋል። በሽታ ቢሆን የዓለም ወንድ ሁሉ በታመመ! የጉሮሮው ሳጥን እያደገ ነው፤ ሲያድግ ይንገዳገዳል፣ በኋላ ይረጋል። እንጥሉ ከዚህ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ቆራጩ በዚያ ለዚህም ለዚያም በሚሠራበት ቢላ ጉሮሮውን ቢከፍተው ግን ደም አለ፣ መመርቀዝ አለ። የጎረቤታችን የከድሮ ልጅ እንጥሉን ተቆርጦ አይደል የሞተው?»

ይህን ጋሽ ሙስተፋ አሳምረው ያውቃሉ። የዚያን ልጅ ቀብር ቆመው ያስፈጸሙት እርሳቸው ነበሩ።

«እሺ፣ የእሱን አስብበታለሁ» አሉ። «የሳሌሃን ግን ተይ። እሱ ነውር ነው፤ በሰው መሐል አይወራም።»

«ነውሩ የቱ ነው ጋሽ ሙስተፋ? ስለ ልጅ ገላ መናገር ነው ወይስ ልጅ ‹ልሞት ነው› ብላ ብቻዋን ስታለቅስ ዝም ማለት?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጨካኝ መሰልሁሽ?» አሉ። «እዪው የጣሊያኑን ድንኳን! ወታደሩ በየቤቱ ይገባል። አባቷ የለ። የደረሰች ሴት ልጅ ይዞ ማደር በዚህ ዘመን እሳት ታቅፎ ማደር ነው። ባል ቢኖራት ቤት አላት፣ የሚጠብቃት አላት።»

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሲሉ አዘንሁላቸው። ፍርሃታቸው ተራ ፍርሃት አልነበረም፤ እኔም እንደርሳቸው እፈራ ነበር። ግን ፍርሃት ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም።

«ጠላት ባል ያላትን ይፈራል? ባል የሚፈራ ቢሆን ይህን ሁሉ ባለትዳር አገር መቼ ይደፍር ነበር? እርስዎ እንሰት ተካይ ነዎት። ቅጠሉ ስለሰፋ ብቻ የልጅ እንሰት ነቅለው ይፍቃሉ?»

«ምን ይወጣዋል! ውሃ ነው።»

«ታዲያ ይህችስ?»

«የቸገረው እኮ ያልጠናውንም ይነቅላል!» አሉ ቆጣ ብለው። «ጠላት አጥር ሲገባ ማን ይጠብቃል?»

«ጠላት ነቀለው፣ እርስዎ ነቀሉት፣ ለእንሰቱ ያው መነቀል ነው። ወሯ መጣ ማለት ዳሌዋ ጠና ማለት አይደለም። ብታረግዝ ምጡ ይገድላታል፣ ባይገድላትም ሰብሯት ይሄዳል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለም? ታዲያ ልጅ የወለደችው ለምን ይበቃል?»

መልስ ሊሰጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ የኬላው እንጨት ተነሣ። መኮንኑ ገና ድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ የወጣው ባንዳው ነው። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አዲስ ጫማ አድርጓል፣ በጫማውም በጣም ይኮራል። እያንዳንዱን እያየ መጥቶ አሚኑ ፊት ቆመ።

«አንተ! ጋቢህን አውርድ። ስንት ዓመትህ ነው?»

አሚኑ አያቱን አየ። ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አፉን ከፈተ። «አሥራ ሦስት» አለ። ቃሉ ከላይ ተነሥቶ መሐል ላይ ተሰበረና ጎርንኖ ወደቀ።

ባንዳው ሳቀ። «ምን አሥራ ሦስት! ድምፁ ጎርንኗል፣ ጢሙ አጎንቁሏል። ይሄ ደርሷል! ለመንገድ ሥራ ሰው ይፈለጋል፤ ወዲያ ቁም!»

መንገድ ሥራ የተወሰደ ሰው ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል፤ ብዙው አይመለስም፣ የተመለሰውም ደም እየተፋ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ቦታ አልነበረም።

«ልጅ ነው!» ብለው ጋሽ ሙስተፋ ጮኹ። ዘንጋቸውን በሁለቱ መካከል ተከሉት። «ድምፅ ጎረነነ ማለት አጥንት ጠና ማለት ነው? ጢም ማቆጥቆጡ ጉልበት ይሆነዋል? ገላው ገና እየተሠራ ነው! ትናንት ከእናቱ ጓዳ የወጣ ልጅ ነው! ወላሂ ገና ነው፤ ገና ነው እላለሁ!»

 የእኔ ንግግር አያስፈልግም ነበር። እኔ ያን ያህል ስደክምበት የቆየሁትን ሽማግሌው ራሳቸው ከእኔ አሳምረው ተናገሩት።

ሳሌሃ ግን ኩታዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ወደ ፊት መጣች።

«አባባ» አለች፤ አልጮኸችም። «እኔና አሚኑ የተወለድነው አንድ ቀን ነው። እሱ ገና ከሆነ፣ እኔ የት ደረስሁ?»

ሽማግሌው ዞረው አዩአት። እንደዚያ ሲያዩአት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።  ከዚያ እጇን ይዘው ከወንድሟ ጎን አቆሟት፣ ወደ ባንዳውም ዞሩ።

«ስማ» አሉ። «ሁለቱም ልጆች ናቸው። ወንዱን ለድንጋይ፣ ሴቷንም ለማንም አልሰጥም። አባትህን አውቀዋለሁ፤ እዚሁ መስቃን አብረን እንሰት ተክለናል። ይህን ልጅ ከነካኸው እርግማኔ ይድረስብህ። ዛሬ እዚህ የሚደርስ ነገር ቢኖር ያ እርግማን ብቻ ነው!»

ከኋላ አንዲት በርበሬ ነጋዴ፣ «ልጅ ነው!» አለች። ሌላዋ ተቀበለች፤ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ልጅ ነው! ልጅ ነው!» ሆነ። ባንዳው አንዴ ድንኳኑን፣ አንዴ የሽማግሌውን አፍ አየ። ጌታውን በምሳው ላይ መረበሽም ፈራ፤ የሽማግሌ እርግማን ደግሞ ጫማ ቢያደርጉም አያመልጡትም።

«ጥፉ ከዚህ!» አለ። «ወደ መጣችሁበት!»

እኛም የፈለግነው እሱን ነበር። በርበሬዬ ቀረ፤ ቢቀርስ!

ስንመለስ ጋሽ ሙስተፋ መንታዎቹን ከፊታቸው አስቀድመው ሄዱ። ጥቂት እንደሄድን፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አሉ። «እኔ ግን የማይለቀም ነገር ላፈስ ነበር። ለባንዳው የተናገርሁትን ጆሮዬ ሲሰማው ደነገጥሁ፤ ስለ ሳሌሃ አንቺ ያልሽው ነበር።» አሚኑም በዚያ በሚሰነጠቅ ድምፁ፣ «አባባ፣ እንጥሌስ?» አለ። «አፍህ ውስጥ ይደር!» አሉት፤ ሳቅን።

ያ ዓመት ሳያልቅ የአሚኑ ድምፅ ረጋ። እንደ ልጅነቱ ቀጭን ባይሆንም ሙሉ ሆነ፤ መንዙማውን ሲጀምር የሳቁበት ልጆች ሳይቀሩ ይቀበሉት ጀመር። ሳሌሃ በእኔ ጓሮ ጨርቋን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ በእኔ ጓዳም ፊደል ትቆጥራለች። ሌሎች ልጃገረዶችም ተጨመሩ። ውሃ አንድ ላይ ይወርዳሉ፣ አንድ ላይ ይመለሳሉ፤ ለብቻዋ የምትገኝ ስላልነበረች ወታደር አልደፈራቸውም። ጠላት አገራችንን እንዳናውቅ ትምህርት ቤቱን ዘጋ፤ እኛ ግን ገላችንንም ፊደላችንንም አወቅን። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ድምፁ ሲሰበር ቢላ አትፈልጉ፤ ልጃችሁ ወሯ ሲመጣ ባል አትፈልጉ። አስቀምጣችሁ ንገሯቸው። እናንተ አፍራችሁ ዝም ስትሉ የሚሞቱት እነርሱ ናቸው።

ሳሌሃን ለልጃቸው የጠየቁት የቆሼ ሽማግሌዎች ግን አልቀሩም። ከዚያ ከኬላው ቀን ጥቂት ሳምንት ቆይተው ቡታጅራ ድረስ መጥተው ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ተቀመጡ። እኔና ሳሌሃ ከጓዳ ሆነን እንሰማለን፤ እጄን አጥብቃ ይዛዋለች።

«ሙስተፋ ወንድማችን» አለ ትልቁ፣ «ልጅቷ ደርሳለች ተብለን ስንጠብቅ ቀራችሁብን።»

ጋሽ ሙስተፋ ጺማቸውን ዳበሱ።

«የት ደረሰች?» አሉ። «መነሣቷ ነው እኮ!»