ዳንቴል የለበሰችው ፕሮፌሽናል

እትዬ ሰገነት፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎስ ተሻለው? ሐይቁ ዛሬ እንዴት ጸጥ ብሏል! እኔ ደህና ነኝ… ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል እንጂ። የሌላውን ሰው ድምፅ ይዘጋል፣ የእኔን ግን ከፈተው። ሁልጊዜ «ምን አልሽ ልጄ?» እያሉ ያስደግሙኝ የለ? ዛሬ አላደክምዎትም። በሩ? ይተዉት፣ ነፋስ ይግባበት። ከግድግዳው ማዶ ያለ ሰው ቢሰማስ ምን ክፉ ነገር እናወራለን? ሰው ልናመሰግን ነው።

ስለ አንድ ኃላፊ ሰማሁ። የእኛ መሥሪያ ቤት ሰው አይደሉም፣ እንዳይሳሳቱ። ቆላ ድባ ነው መሰለኝ… ብቻ እንደ እኛው የገዳማቱን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግብ ቤት ነው። እንዴት ያሉ አስተዋይ ሰው መሰሉዎት!

ሁለት ኮምፒውተሮች መጡላቸው። አንደኛዋ ሆም የሚባለው ዊንዶውስ ያላት፣ ሌላዋ ፕሮፌሽናል። ሁለቱም ይጽፋሉ፣ ሁለቱም ያነባሉ። ፕሮፌሽናሏ ውስጧ ያለውን ሁሉ በረጅም ቁጥር መቆለፍ ትችላለች፤ ሌላም ሌላም አላት። ታዲያ የትኛዋ ለማን ትሁን? ተራ ሰው ቢሆን «ማን ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን «ድግስ ላይ ማን ከማን በላይ ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁ። ስብሰባ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። የአቀማመጥ ሥርዓት የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ሳይቀሩ ተጋብዘው ነበር አሉ። ሠርግ መስሏቸው ባርከው ሄዱ።

እናም ፕሮፌሽናሏ ለእሳቸው ሆነች። ሆሟ ደግሞ ለመዝጋቢዋ ልጅ። «ሆም ማለት ለቤት ነው፤ አንቺም ጨዋ የቤት ልጅ ነሽ፣ ይስማማሻል» አሏት። ይህን ያህል የሚያስብ አለቃ ከየት ይገኛል?

ፕሮፌሽናሏማ… ባለቤታቸው ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሷት። ሠራተኛው በየተራ እየገባ «እንኳን ደስ ያለዎት» አላቸው። ዳቦ ጋግራ የሄደችም አለች። እኔን አይዩኝ፣ የእኔ ዳቦ ለሌላ ጉዳይ ነበር። እሳቸውም ዳንቴሉን ገለጥ እያደረጉ ካርታ ተጫወቱባት። ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት! ካርታው ያው ነው፤ ፕሮፌሽናል ላይ ግን ሲሸነፉ እንኳ በማዕረግ ነው።

ልጅቱ በጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞረች፣ አባቶችን ደጅ እየጠናች፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ታሪክ በሆሟ ላይ ጻፈች። ሥራው ሲያልቅ ኃላፊው አዩትና አዘኑለት። «እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሆም ላይ ይደር?» ብለው ወደ ፕሮፌሽናሏ አዛወሩት። የመሥሪያ ቤቱ ሆም ላይ የቀረውን ልጅቱ በገዛ እጇ እንድትሰርዘው አደረጉ። ስሟ በነበረበት ቦታም የራሳቸውን ስም ጻፉበት። ሸክሟን ሊያቃልሉላት ይሆናላ!

ከዚያ ቆለፉት። መቆለፍ ትችላለች ተብሎ ካልተቆለፈች ምኑን ፕሮፌሽናል ሆነች? የመክፈቻውን ቁጥር የት ያኖሩት ይመስልዎታል? ሰው እጅ እንዳይገባ… እዚያው ማሽኗ ውስጥ። አስተዋይ ናቸው አላልሁም? ሌባ አያገኘው፣ ሰላይ አያገኘው። እሳቸውም አያገኙት። ትናንት ማሽኗ ራሷን አድሳ ስትነሣ ቁጥሩን ጠየቀቻቸው። እስካሁን እየጠየቀቻቸው ነው።

ይሰማዎታል? ማዶ ኪቦርድ የሚደበድብ ነገር ነበር… አሁን ቆመ። አይጥ ትሆናለች።

ነገ ጠዋት እንግዶች ይመጣሉ አሉ። ሥራውን አይተው፣ የጻፈውን ሰው ጠይቀው፣ ለሚቀጥሉት ገዳማት ምዝገባ መሪ ሊመርጡ። ልጅቱማ ቤቷ እዚሁ ሹም አቦ… ምነው፣ ቆላ ድባ ነው ያልሁት? እንግዲህ ጉንፋኑ ነው። ብቻ ቤቷ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አላት። እሷም ሆም ናት። ልጅቱ በየምሽቱ የጻፈችውን ወደዚያችኛዋ ትገለብጥ ነበር። ሆም ለቤት ነው ብለዋት የለ? ሥራዋን ቤቷ ወሰደችው። እንዴት ያለች ታዛዥ! የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ እንደተጻፈ ነው።

ኃላፊው ቢጠይቋት ትከለክላለች? ኧረ አትከለክልም፣ ዓይነ አፋር ናት። ግን እንዲያ ያሉ ሰው «ከሆምሽ አውሺኝ» ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ? ክብራቸውንስ ማን ይጠብቅላቸው? ስለዚህ ነገ ራሷ ላፕቶፗን አቅፋ ትመጣለች። ከወንበሮቹ ሁሉ ዝቅ ያለችውን መርጣ ትቀመጣለች። እንግዶቹ ወደ እሷ ዘወር ካሉ… ምን ታድርግ?

ኧረ እኔ እኒያን ሰው እወዳቸዋለሁ። እትዬ ሰገነት፣ እስቲ አብረን እንመርቃቸው። እግዚአብሔር ጤናውን፣ ዕድሜውን ይስጣቸው። ማዕረጋቸውን ከፍ፣ ዳንቴላቸውን ነጭ ያድርግላቸው። ማሽኗን ባይከፍትላቸው እንኳ፣ ነገ እንግዶቹ ፊት ሲቆሙ፣ እሳቸው ራሳቸው ከጻፉት ውስጥ አንዲት መስመር ያስታውሳቸው። አንዲት ብቻ ትበቃለች…

አሜን ይበሉ እንጂ።