«የሣር ማጨጃ ይጠግን»

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?…

— እ… ጋሽ ዚግሙንት። …አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ሬሚክ። …ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ? ባለቤትዎ እትዬ ብሮንካስ ደህና ናቸው? …ይመስገን።

— አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ ጋሼ። …ዳግማራ፣ ያን ቴሌቪዥን ቀንሺው። …ጋሽ ዚግሙንት ናቸው። አዎ፣ የውድድር ሞተር ብስክሌቴን ሞተር የሚሠሩት። …እኔ ምን አውቄ፣ ሊሰድቡኝ ይሆናላ። ከትናንቱ በኋላ ሌላ ለምን ይደውሉልኛል። …ቀንሺው ብቻ።

— አቤት ጋሼ፣ ይኸው አለሁ። …ይሰማኛል፣ ይናገሩ። …አይ፣ ምሳ ላይ አልነበርኩም። ሚስቴ የትናንቱን የዶሮ መረቅ እያሞቀች ነው፤ እኔ እንደሆነ እህል አልወርድልህ ብሎኛል።

— እ?… ማን፣ እርስዎ? …እርስዎ ነዎት ይቅርታ የሚጠይቁኝ? …ለምኑ ጋሼ?

— ስለ ትናንቱ ውድድር። …እንግዲያው በቴሌቪዥን የተናገርኩትን ሰምተዋል። …እትዬ ብሮንካም አብረው ሰሙ? …ጎረቤቱም? …እግዚኦ። …አዎ፣ ብያለሁ። «ይሄን ሞተር የሠራ ሰው የሣር ማጨጃ ይጠግን» ብያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን እክዳለሁ።

— ጋሼ፣ ያው ያውቁታል እኮ። አራት ሆነህ ትነሳለህ፣ አራት ዙር ትዞራለህ፣ አራተኛ ሆነህ ትገባለህ። ገና አፈሩን ከጥርስህ ሳትተፋ ማይክራፎን ይደቅኑብሃል። ያኔ ሁሉም ተወዳዳሪ «ሞተሩ አልሄደልኝም» ነው የሚለው። እንደ ጤና ይስጥልኝ ነው፣ የሚቀየም ሞተር ሠሪም የለም። …አዎ፣ እኔ ግን ጨመርኩበት። …ጨመርኩበት ጋሼ።

— ምን?… የሣር ማጨጃ? …የት፣ እናንተ በር ላይ? …ማን አምጥቶ ጣለው? …ደጋፊዎች። …ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ። …ኧረ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። …እ? ምን አደረጓቸው? …ጠገኗቸው። …አንደኛው ካንዴላው ብቻ ነበር የቆሸሸው። …እና አሁን ሁለቱም ይሠራሉ። …ጋሼ፣ እኔ አሁን ምን ልበልዎ።

— ዳግማራ፣ አትሳቂ። የሚያስቅ ነገር አይደለም።

— ሄሎ፣ ይሰማሉ? …አለሁ። …ሞተሩን ፈቱት? መቼ? …መካኒኬ ትናንት እንዳመጣልዎት። …ሌሊቱን ሙሉ። …እሺ… ቫልቩ ደህና ነው። ፒስተኑም ደህና ነው። …ሞላዎቹንም አንድ በአንድ ለኩ። …እና ምንም አላገኙበትም። …ታዲያ ምንም ካላገኙበት ይቅርታው ምንድን ነው?

— ጥፋቱ የዓይኔ ነው ይላሉ። …ኧረ የርስዎ ዓይን እኮ ጋሼ… …እጅዎም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። …እ? …«ጥፋት ባይኖርበት ሬሚክ እንዲያ አይልም፤ ሬሚክ አይዋሸኝም»…

— አለሁ፣ አለሁ። አልተቋረጠም። …አይ፣ ምንም አይደል ጋሼ። ያጋጥማል፣ ሰው ነን። …እሺ፣ ይቅር ለእግዜር። …ይቅር ብያለሁ አልኩዎት እኮ።

— ምን ታፈጪብኛለሽ አንቺ? ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ይቅር አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ። …ድስትሽን እይ፣ ሊገነፍል ነው።

— አቤት። …ካዬታን? የራሱን ሞተር መጥቶ ወሰደ? እኛ ቡድን ያለው ካዬታን? …ያ ምስጋና ቢስ። …እውነትዎን ነው፣ እሱ ምን ያድርግ። እኔ እንዲያ ስል ሰምቶ። …የዴንማርክ ተወዳዳሪዎቹም የራሳቸውን ወሰዱ። …እና ማን ቀረ ታዲያ? …እኔ ብቻ።

— እንዴት ማለት ነው መዝጋት? …ወርክሾፑን? …ቶርኖውንም፣ ያን የብረት መቅረጫ ማሽን ሊሸጡ? ለማን? …ከፖዝናን የሚመጣ ሰውዬ። …ዛሬ? አሁን መንገድ ላይ ነው? …ቆይ እንጂ ጋሼ፣ እንዲህ በአንድ ጀምበር እንዴት ይሆናል። ሰዉ እኮ ነገ ይረሳዋል። …አይ፣ ሰዉ ቢረሳም ይላሉ። …«ዓይኑ የማያይለት ሰው የሠራው ሞተር ኩርባ ላይ ቀጥ ቢል ልጁ ይሞታል፤ በስተርጅና የሰው ነፍስ እጄ ላይ አልፈልግም»…

— ያ ቶርኖ እኮ ጋሼ፣ የመጀመሪያ ሞተሬ የተሠራበት ነው። አባቴ «ትምህርቱን ይጨርስ» ብሎ ሲገግም «ይሄ ልጅ ኩርባ ላይ ነዳጅ አይዘጋም፣ እንዲህ ያለ በስንት ጊዜ አንድ ነው የሚወለደው» ብለው ያሳመኑት እርስዎ አይደሉ? …ያስታውሱታል። …አዎ፣ ወደ ስዊድን በመርከብ ስንሻገር ቫኑ ውስጥ ተኝተን፣ ብርድ ልብሱን ለሞተሩ አልብሰው እኔና እርስዎ ስንንቀጠቀጥ ያደርን ዕለት። …ይስቃሉ ደግሞ። እንዴት ይስቃሉ አሁን።

— ጋሼ፣ ያን ሰውዬ ይመልሱት። …ቶርኖው አይሸጥም። …እንዲያው በደፈናው አይደለም፣ ምክንያት አለኝ። …ቆይ፣ አንድ ጊዜ።

— ዳግማራ፣ እስቲ ወደዚያኛው ክፍል ሂጂልኝ። …ለምን አትበዪኝ። …እሺ፣ ቁሚ። መስማትሽ ላይቀር። ቁሚ።

— ሄሎ… አለሁ። ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ። …ትናንት ነዋ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። …አይ፣ ላጽናናዎት አይደለም። ያዳምጡኝ። የመነሻው ገመድ ብድግ ሲል ከሁሉ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ አላዩም? …አዩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን ሦስቱም አልፈውኝ ሄዱ። ሞተሩ ቢደክም ኖሮ ከጅምሩ ነበር የምቀረው፣ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።

— እኔ ነኝ የዘጋሁት። …ነዳጁን። በዚህ እጄ። ፍሬን የሌለው ሞተር ብስክሌት ላይ ሌላ ምን የሚዘጋ አለ። …ሦስቱ ጎን ለጎኔ ሲመጡ፣ አጥሩ ፊቴ ሲደቀን፣ እጄ ራሱ ዘጋው። …ፈርቼ። …ፈርቼ ነው የምልዎት ጋሼ።

— ከግንቦት ጀምሮ። ሪብኒክ ከተማ ውድድር ላይ ከወደቅኩ ወዲህ። …ትከሻዬማ ድኗል፣ እሱ አይደለም። የዚያን ዕለት ተነስቼ እጄን ሳውለበልብ ያ ሁሉ ሕዝብ አጨበጨበልኝ፣ ጀግና ተባልኩ። እኔ ግን መሬት ወድቄ ሳለሁ በራሴ አጠገብ ያለፈው የካዬታን ጎማ ከፊቴ አልሄድልህ አለኝ። ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። …ማንም አያውቅም። …ሚስቴም አታውቅም ነበር፣ አሁን ነው አጠገቤ ቆማ የምትሰማው። …ሁሌም። እሁድ እዚህ፣ ማክሰኞ ስዊድን፣ የትም ይሁን፣ ኩርባው ሲደርስ እዘጋለሁ። ከዚያ ወርጄ «ሞተሩ» እላለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ፣ ይኸው እኔ ነኝ።

— ትናንት ደግሞ ያ ጋዜጠኛ «ሬሚክ፣ ነዳጅ የዘጋህ መሰለን እኮ» አለኝ። በሕዝብ ፊት፣ ፈገግ ብሎ። …እሱን አልሰሙትም? ጮክ ብሎ አይደለም፣ ለኔ ያህል ነው ያላት። ያኔ ነው የሣር ማጨጃዋን ያመጣኋት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። …እና እርስዎ የሌለ ጥፋት ፍለጋ ጎንበስ ብለው ሲያድሩ፣ ደውለው ይቅርታ ሲጠይቁኝ፣ እኔ «ይቅር ለእግዜር» እልዎታለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ። አፍሬያለሁ ጋሼ። ዓይንዎን ማየት አልችልም፣ በስልክ መሆኑ በጀኝ።

— አዎ። …አዎ፣ ሞተሩ ደህና ነበር። …በእናቴ መቃብር እምላለሁ። …ሞላውም፣ ቫልቩም፣ ሁሉም። ከመነሻው ሲወጣ ክንዴን ሊነቅለው ምንም አልቀረውም። እንደሱ ያለ ሞተር ኖሮኝ አያውቅም። …የለም፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም። እጅዎም ምንም አልሆነም። …ሄሎ? …ሄሎ፣ ጋሼ?

— ሄዱ ዳግማራ። ስልኩን ጥለውት ሄዱ። …እትዬ ብሮንካን እየጠሩ ነው። «ደህና ነበር፣ ብሮንካ፣ ሞተሩ ደህና ነበር» እያሉ። …ዝም በዪ እስቲ፣ ልስማ። …እያለቀሱ ነው መሰለኝ። …አይ፣ እሳቸው እየሳቁ ነው። እትዬ ብሮንካ ናቸው የሚያለቅሱት።

— አንቺ ደግሞ አታልቅሺ። …ልነግርሽ ነበር። …እውነትሽን ነው፣ አልነግርሽም ነበር። …ከዚህ በኋላ ተቆጪኝ፣ የፈለግሽውን ያህል። አሁን ተመልሰው መጡ።

— አቤት፣ አለሁ ጋሼ። …መጣ? …ሰውዬው በር ላይ ቆሟል። …እውነቱን ሊነግሩት? …ለሱ ብቻ? …ለካዬታንም፣ ለዴንማርኮቹም። …እ…

— ጋሼ፣ እስከ እሁድ ቢያቆዩልኝስ? …አይደለም፣ የቡድናችን ሥራ አስኪያጅ በዚህ ሳምንት ነው የከርሞውን ውል የሚያስፈርመን። እኔ ኩርባ ላይ እንደምዘጋ ከሰማ አለቀልኝ። ይሄ ወሬ አንዴ ከወጣ እዚህም ስዊድንም የሚቀጥረኝ የለም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሥራ አልለመድኩም። …እስከ እሁድ ብቻ።

— እሺ ይሉኛል? …እንደሱ በቀላሉ? …ሰውዬውን ምን ሊሉት ነው ታዲያ? …ቃል ሰጥተውታል፣ ያለ ምክንያት አይመልሱትም። …እና ቶርኖውን ጭኖ ሊሄድ ነው? …ለኔ ብለው? …«አንተ ወጣት ነህ፣ እኔ እንደሆነ ሠርቼ ጠግቤያለሁ»…

— አይ። …አይሆንም ጋሼ። አይሆንም አልኩ። ያልኩትን ይተዉት። ይንገሩት። አሁን፣ እዚያው በሩ ላይ። …አዎ፣ ስሜን ጠርተው። «ሬሚክ ፈርቶ ነው፣ ሞተሩ አይደለም» ይበሉት። ለካዬታንም እንደዚያው። …አዎ፣ አስቤበታለሁ። …አላሰብኩበትም፣ ግን ይንገሯቸው። ሥራ አስኪያጁ ጋ እኔው እደውላለሁ፣ ከሰው አፍ ከሚሰማው።

— ምን አሉኝ? …ኧረ አይሆንም። …አያመስግኑኝ ጋሼ። …እባክዎ፣ ምን አደረግሁልዎት ብለው ነው። …እሺ። …እሺ፣ በሩን ይክፈቱለት፣ ሰውዬው ቆሟል። …ቻው ጋሼ። …ቻው።

— ዘጉት። …ምን አሉህ ትያለሽ? …አመሰገኑኝ፣ ዳግማራ።