ለጠየቀ ሁሉ «ፍቀድ»

እንደ እሳቸው በሰው አገር የቤት ሠራተኛ የነበረችው ሀዊ ከጠፋች ወዲህ፣ እትዬ ዓይናለም ባቡር በሚነሣበት ቀን ሁሉ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ይመጣሉ። ወደ አገር ቤት ከሚሳፈሩት መካከል አገኛት ይሆናል ብለው የሴቱን ፊት ሁሉ ያያሉ። የዚያን ቀንም በዚያ በሚያፍን ሙቀት ቆመው ሳለ፣ አባቷን ልትሸኝ ከመጣችው ከተቅዋ ጋር ተገናኙ። ተቅዋ የሐረር ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራለች፤ ለቸገራቸው የአገሯ ልጆችም ትደርሳለች።

እትዬ ዓይናለም ሆድ ብሷቸው ነበርና ያለ ወትዋች ዘረገፉላት። ሀዊ በር ተቆልፎባት ከኖረችበት ቤት አምልጣ የተጠጋችው እሳቸው ዘንድ ነው። ሌላ ቤት ሥራ አስገቧት፤ አዲሱን ቁጥሯንም በስልካቸው ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ደላላው ጌቾ በዚያው ቁጥር ደውሎ፣ ወደ ድሮዋ ማዳምሽ ካልተመለስሽ ያለሽበት ድረስ መጥቼ እወስድሻለሁ አላት። ልጅቱ በዚያው ወጥታ ቀረች። ቁጥሩን ለማንም እንዳልሰጡ በእመብርሃን ማሉ።

ተቅዋ ስልካቸውን ተቀብላ ስትመለከት የመድኃኒትና የሥራ ሰዓት የሚያስታውስ አፕ አገኘች። ማን እንደጫነላቸው ጠየቀቻቸው። ጌቾ ነበር፤ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ገንዘብ አያስወጣችሁም» እያለ ለአገሩ ሴቶች ሁሉ ያድለዋል።

«መሥራቱንስ ይሠራል» አለች ተቅዋ። «ግን መድኃኒት ለማስታወስ የሰው ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ያሉበትን ቦታስ? የማዳምዎን ዋይፋይ ሲያገኝ የለቀመውን ሁሉ ለጌቾ ያደርሳል። እርስዎም ፈቅደውለታል።»

«ጠየቀኝ፣ ፈቀድኩ። ጠያቂን መመለስ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፣ ልጄ። ደግሞስ እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ?»

እሳቸውን መውቀስ አይቀልም። ይሉኝታ አሳድጎ ይሉኝታ ያስረጃቸው ሴት ናቸው፤ ስልኩ «ይፈቅዳሉ?» ባለ ቁጥር እንግዳ ደጅ የቆመ ይመስላቸዋል። ተማርን የምንለውስ ብንሆን መቼ አንብበን ፈቀድን?

«የእርስዎ የሚደበቅ ላይኖር ይችላል» አለች ተቅዋ። «የሀዊ ቁጥር ግን የእርስዎ አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል?»

እትዬ ዓይናለም በሕይወታቸው ብዙ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ አደራ በላ ያላቸው ግን የለም።

ተቅዋ ያንን አፕ አጥፍታ፣ የጻፉት ከስልካቸው የማይወጣ ሌላ ጫነችላቸው። ይኸኛው ቦታቸውን ሲጠይቅ እሳቸው ራሳቸው «ከልክል» የሚለውን ነኩ። አፑም አልተቀየመም፤ የመድኃኒታቸውን ሰዓት ያዘ። አንድ ሰው ስልኩን ለጠያቂ ሲከለክል ቁጥራቸውን አደራ የሰጡት ሁሉ እፎይ እንደሚሉ ያን ጊዜ ገባቸው። የወጣው ግን አይመለስም፤ አሁን ቁጥራቸው በስልካቸው ለነበረው ሴቶች ሁሉ እየደወሉ «ቁጥራችሁን ቀይሩ፣ ከእኔ ነው የወጣው» ማለት ይጠበቅባቸዋል።

ባቡሩ ሊነሣ ሲል፣ «ሀዊ የት እንዳለች ሰምተሽ ይሆን?» አሉ ቀስ ብለው።

ተቅዋ አቀረቀረች። «አውቃለሁ፣ ደህና ናት። ለእርስዎ ግን እንዳልነግር አስምላኛለች።»

«እባክሽ ብዬ ብለምንሽስ?»

«አልነግርዎትም፣ እትዬ።»

እትዬ ዓይናለም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ማንም ቢጠይቅሽ፣ እኔም ደግሜ ብጠይቅሽ፣ እንዳትነግሪ።»